የርቀት ዴስክቶፕ በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ፦ ከተከላ በፊት የሚወሰኑ ሁለት ጉዳዮች

መግቢያ

በቤተ ሙከራ በሚገኝ የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ለቀናት የሚዘልቅ ስሌት የሚያካሂድ ተመራማሪ ሥራውን ከሌላ ቦታ ሆኖ መከታተል ይሻል። የርቀት ዴስክቶፕ ሶፍትዌርን መጫን የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ነው። ይሁንና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስሌቱ መቀጠል አለመቀጠሉ፣ እንዲሁም ኮምፒውተሩ ለማን ክፍት እንደሚሆን የሚወሰነው አስቀድሞ በሚደረግ ምርጫ ነው። ይህ ጽሑፍ ኡቡንቱን በምሳሌነት ወስዶ ሁለቱን ጉዳዮች ይመረምራል።

1. የሴሽን ዓይነት

ሴሽን ማለት ተጠቃሚው ከገባበት ጊዜ አንሥቶ እስኪወጣ ድረስ የሚዘልቀው የዴስክቶፕ ቆይታ ነው። የመጀመሪያው ስልት በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ያለውን ሴሽን ማጋራት ነው። ይህ ለጋራ ሥራና ለድጋፍ ይመቻል፤ ሆኖም በቤተ ሙከራው ያለ ሰው የተመራማሪውን እንቅስቃሴ ሁሉ ያያል። ለዚህ ተግባር የኖረው ኤክስ11ቪኤንሲ በኤክስ11 ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ከኡቡንቱ 21.04 ወዲህ በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ነባሪ በሆነው ዌይላንድ ላይ አይሠራም።

ሁለተኛው ስልት ከስክሪኑ የተለየ ራሱን የቻለ ሴሽን መፍጠር ነው። ኤክስአርዲፒ ይህን ያደርጋል። በነባሪ አሠራሩ ግንኙነት ቢቋረጥም ሴሽኑ አይዘጋም፤ ተጠቃሚው ተመልሶ ሲገባ የተወውን ሥራ ባለበት ያገኘዋል። ለረጅም ስሌት ተመራጭ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

2. ተከላ

ኤክስአርዲፒ ከኡቡንቱ ማከማቻ በአፕት ይጫናል። ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕ አብሮ መጫን ይመከራል። ከተከላ በኋላ ሦስት ነጥቦች ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛ፣ ያው ተጠቃሚ በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ገብቶ ሳለ በርቀት ሲገባ ብዙ ጊዜ ጥቁር ስክሪን ብቻ ይታያል፤ አስቀድሞ ከስክሪኑ መውጣት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ መስኮቱን መዝጋት ሴሽኑን ያቆያል፤ ሎግ አውት ማድረግ ግን የተከፈቱ ፕሮግራሞችን ይዘጋል። ሦስተኛ፣ ኮምፒውተሩ ራሱን እንዳያስተኛ የኃይል ቁጠባ ቅንብሩ መጥፋት አለበት።

3. የደህንነት ጉዳይ

ኤክስአርዲፒ በነባሪ በፖርት 3389 ከማንኛውም አድራሻ የሚመጣን ጥሪ ይቀበላል። ይህን ፖርት በቀጥታ ለኢንተርኔት ክፍት ማድረግ የይለፍ ቃል ለሚገምቱ ፕሮግራሞች በር መክፈት ነው። የቪኤንሲ ነባር የማረጋገጫ ስልት ደግሞ ከይለፍ ቃሉ የመጀመሪያዎቹን 8 ፊደላት ብቻ ስለሚጠቀም ይበልጥ ደካማ ነው።

መፍትሔው የኤክስአርዲፒን አድራሻ በ127.0.0.1 መገደብና ግንኙነቱን በኤስኤስኤች ዋሻ ማሳለፍ ነው። በተመራማሪው ኮምፒውተር ላይ ያለ ነፃ ፖርት፣ ለምሳሌ 3390፣ በዋሻው በኩል ከቤተ ሙከራው 3389 ጋር ይያያዛል። ከውጭ የሚታየው የኤስኤስኤች ፖርት ብቻ ይሆናል፤ እሱም ከይለፍ ቃል ይልቅ በቁልፍ ጥንድ ሊጠበቅ ይገባል።

ማጠቃለያ

ራሱን የቻለ ሴሽን የኢንተርኔት መቋረጥን ይቋቋማል፤ የመብራት መጥፋትን ግን አይቋቋምም። ስለዚህ የስሌቱ ፕሮግራም መካከለኛ ውጤቶችን በየጊዜው ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ መደረግ አለበት። ሥራው የሥዕል ገጽታ የማያስፈልገው ከሆነ ደግሞ ኤስኤስኤችን ከቲመክስ ጋር መጠቀም ይበቃል፤ ዴስክቶፑን ጨርሶ አለመጫን ከሁሉም የቀለለና የተጠበቀ ምርጫ ይሆናል።