የእንግሊዝኛ ቃላትን ከሥራቸው ስለ ማጥናት



ዩኒቨርሲቲ በገባንበት ዓመት አብዛኞቻችን ከመዝገበ ቃላት በየቀኑ ሃያ ሃያ ቃል እየገለበጥን መሸምደድ ጀምረን ነበር። «ኤ» የሚለውን ፊደል ሳንጨርስ ፈተና ደረሰ፤ ከሸመደድነውም አንድ ቃል እንኳ አልመጣም። ይልቁንም ጥያቄው «ኢቫልዌት» ሲል «ግለጹ» ያለን መስሎን ወረቀቱን በመግለጫ ሞላነው። የተጠየቅነው ግን መዝነን እንድንፈርድ ነበር። ትምህርቱን እያወቅን በአንድ ቃል ወደቅን።

ይህ ቃል አቬሪል ኮክስሄድ የተባሉ የኒውዚላንድ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ዝርዝሩ 570 የቃል ቤተሰቦች ብቻ ሲሆን፣ በከፍተኛ ትምህርት ጽሑፎች ከሚገኙት ቃላት አንድ አሥረኛ ያህሉን ይሸፍናል። ስለዚህ መጀመር ያለብን ከ«ኤ» ሳይሆን ከዚህ ነው።

ከባዶ እንደማንነሣም እናስተውል። ብዙ የእንግሊዝኛ የትምህርት ቃላት ከግሪክ የመጡ ናቸው፤ እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን የግሪክ ቃላት ስንሰማ አድገናል። «ኤጲስ ቆጶስ» ከላይ ሆኖ የሚመለከት፣ የሚጠብቅ ማለት ነው። ያው «ማየት» የሚለው ሥር በ«ቴሌስኮፕ» የሩቁን፣ በ«ማይክሮስኮፕ» ጥቃቅኑን ያሳየናል። በ«ሲኖዶስ» መነሻ ያለው «ሲን» አብሮነትን ያመለክታል፤ «ሲንተሲስ» አንድ ላይ ማኖር፣ «ሲንፎኒ» የድምፆች ኅብር መሆኑን ከዚህ መገመት ይቻላል። «ኦርቶዶክስ» ከሚለው «ኦርቶ»ን፣ ማለትም ቀጥ ያለውን፣ ብንወስድ «ኦርቶግራፊ» ትክክለኛ አጻጻፍ፣ «ኦርቶዶንቲስት» ጥርስ የሚያቃና ሐኪም ይሆናል። (እኛስ ጥርሳችንን መች አቃናን!) የቀረው «ዶክሳ» ደግሞ በ«ፓራዶክስ» ውስጥ አለ።

ሆኖም ሥር ያሳስታል። «ፔዴስትሪያን» እግረኛ መሆኑን ያወቀ አንድ ጓደኛችን «ፒዲያትሪሽያን»ን «የእግር ሐኪም» ብሎ ተረጐመው። የፊተኛው ከላቲን «እግር»፣ የኋለኛው ከግሪክ «ሕፃን» የወጣ ነው፤ ሐኪሙም የሕፃናት ሐኪም ነው። ግምትን በመዝገበ ቃላት ማረጋገጥ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

አሁን ቃሉን ብቻውን አንጽፍም። በቁራጭ ወረቀት ላይ ከመማሪያ መጽሐፋችን ያገኘነውን ዓረፍተ ነገር በሙሉ እንገለብጥና የቃሉን ቦታ ባዶ እንተዋለን፤ መልሱ በጀርባው ነው። በማግሥቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ደግሞም በሳምንቱ እንጠያየቃለን። ለመርሳት ስንቃረብ መጠየቁ ከመደጋገም ይልቅ ጠቅሞናል።

በሚመጣው እሑድ ከመዝሙር ጥናት በኋላ የምትቸገሩበትን አንድ ገጽና ጥቂት ቁራጭ ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንሠራለን።