አይጥን ያለ ጭካኔ ከቤት ስለ ማስወጣት

ድሬዳዋ የተቈረቈረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እዚያ በደረሰ ጊዜ ነው። ባቡር ጭነትን ያመጣል፤ ጭነት በበዛበት አገር መጋዘን ይበዛል፤ መጋዘን በበዛበትም አይጥ አትታጣም። የቤት አይጥ ራሷ ነጋዴ ትመስላለች፤ ከጥንት ዠምሮ በሰው እህልና ዕቃ ውስጥ ተሸሽጋ በመርከብ እየተጓዘች ዓለምን ያዳረሰች ናት። ከቀፊራ ገበያ የተገዛ አንድ ጆንያ ማሽላ ወደ መጋላ ወይም ወደ ከዚራ ሲሄድ አንዳንድ ጊዜ እሷም አብራ ትገባለች።

የአይጥ ክብደቷ 20 ግራም ያኽል ነው። በቀን የምትበላው ከ3 እስከ 4 ግራም ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከምትበላው የምታበላሸው ይበልጣል። ሽንቷና ኵሷ በእህሉ ላይ ይወድቃል፤ ከዚህም በሽታ ይመጣል። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ጆንያውን፥ ሣጥኑን፥ መጽሐፉን፥ የኤሌክትሪኩን ሽቦ ሳይቀር ትቈረጥማለች። 20 ቀን ያኽል አርግዛ 6 ወይም 7 ልጆች ትወልዳለች፤ ልጆቿም ኹለት ወር ሳይሞላቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። እንግዲህ አይጥ ከቤት መውጣት እንዳለባት የሚከራከር የለም፤ የሚያከራክረው አወጣጧ ነው።

ብዙ ሰው ወደ መርዝ ይሮጣል። ከአይጥ መርዝ ብዙው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ስለ ኾነ፥ የበላችው አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ውስጧ እየደማ ጥቂት ቀን ትሠቃያለች። ከዚያም በግድግዳ ውስጥ ሞታ ቤቱን ታሸታለች። እሷን የበላች ድመት ልትታመም ትችላለች፤ መርዙን ከረሜላ የመሰለው ሕፃንም ቢያገኘው ነገሩ ከአይጥ ያልፋል። የሙጫው ሰሌዳ ደግሞ ከዚህ አይሻልም። አይጧ ከተጣበቀች በኋላ ለመላቀቅ ስትታገል ቆዳዋን ትገፍፋለች፤ በረኃብና በጥማትም ትሞታለች። በእንግሊዝ አገር በ2022 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በወጣ ሕግ፥ ይህን ሙጫ ያለ ልዩ ፈቃድ ማጥመድ ተከልክሏል። ድመትስ? ድመት ይዛ ትጫወትባታለች፤ ይህ ግን ጠባይዋ ነው እንጂ ጥፋቷ አይደለም።

ከነሕይወቷ የሚይዝ ወጥመድ የሽቦ ቤት ነው፤ አይጧ ስትገባ በሩ ይዘጋል። እርሱ ቢታጣ ግድግዳው ለስላሳና ጥልቅ የኾነ ባልዲ ይበቃል፤ ውሃ ግን አይደረግበትም። ከውጭ ወደ አፉ የሚያደርስ ጠባብ ሳንቃ ይደገፍበታል፤ በውስጡም ጭድና የተወቀጠ የባቢሌ ኦቾሎኒ ይደረጋል። የዚህን ሽታ አይጥ በቀላሉ አታልፈውም። ወጥመዱ በቤቱ መካከል ቢቀመጥ አይረባም፤ አይጥ ግድግዳን ተጠግታ መሮጥ ትወዳለችና ከግድግዳው ሥር ይደረጋል።

ወጥመድ ያስቀመጠ ሰው ጧትና ማታ ሊያየው ይገባዋል። አንድ ልጅ የሽቦ ወጥመድ በጓሮ ቢያጠምድና ለጨዋታ ሄዶ ቢረሳው፥ የድሬዳዋ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ሽቦውን እንደ ምጣድ ያግለዋል። በሦስተኛው ቀን ቢመለስ የሚያገኘው የደረቀች አይጥ ነው። ይህ ልጅ መርዝ አላኖረም፤ ነገር ግን ሥቃዩ ከመርዝ አላነሰም። ስለዚህ ወጥመዱ በጥላ ይቀመጣል፤ የሚያየው ሰው በሌለበት ቀን ደግሞ ይዘጋል።

የተያዘችው አይጥ ጡቷ አብጦ ቢታይ፥ በቤቱ ውስጥ ዐይናቸው ያልተገለጠ ልጆች አሏት ማለት ነው፤ ያለ እናታቸው ይሞታሉ። ከተቀደደ ጨርቅና ወረቀት የተሠራውን ጎጆዋን ፈልጎ ከነልጆቿ አብሮ ማውጣት ይሻላል። የምትለቀቅበትም ቦታ የጎረቤት አጥር አይደለም፤ ይህ ቸርነት ሳይኾን ችግርን ማሻገር ነው። በደቻቱ አሸዋ ላይ ቢለቋትም መሸሸጊያ ስለሌለ ጭልፊት ይወስዳታል። ከቤት ብዙ ሳይርቁ፥ ድንጋይና ቍጥቋጦ ባለበት ስፍራ ሲመሽ ይለቋታል። እጅግ ርቃ የተለቀቀች አይጥ መብሉንም መጠለያውንም ስለማታውቅ ብዙ ጊዜ አትኖርም።

ከኹሉም የሚበልጠው ሥራ ቀዳዳ መድፈን ነው። እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ለአይጥ በር ነው። ጨርቅ ቢወትፉበት ትበጣጥሰዋለች፤ ስለዚህ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ገብቶበት በሲሚንቶ ይለሰናል። እህሉም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይቀመጣል። ኵሷ ደርቆ ሳለ ቢጠርጉት አቧራው ወደ አፍንጫ ይገባልና፥ በበረኪና ውሃ አርሶ በጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል፤ ከዚያም እጅ በሳሙና ይታጠባል።

ቤቱ መጽዳቱን ለማወቅ የሚሻ ሰው ማታ ከግድግዳው ሥር ጥቂት ዱቄት ነስንሶ ይተኛል። ጧት በዱቄቱ ላይ ትንንሽ የእግር ፈለግ ቢያይ፥ ፈለጉን ተከትሎ ያልተደፈነውን ቀዳዳ ያገኘዋል።