ደብተርህን ዝጋና ንገረኝ
(ለፈተና ስለ መዘጋጀት)



በሳንጃና በዙሪያዋ ያለ ተማሪ የትምህርቱን ዘመን የሚጀምረው ከሰሊጥ ጋር እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። መስከረም ተጋምሶ ጥቅምት ሲገባ ሰሊጡ ይደርሳል። ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ጊዜው ካለፈበት ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ወላጅ «እስኪታጨድ ብቻ ልጄ» ይላል። ተማሪውም ለደብተርና ለልብስ የሚሆነውን ገንዘብ ለማግኘት ወደ አጨዳው ይወርዳል። ወደ ክፍል ሲመለስ መምህሩ አንድ ምዕራፍ ጨርሶ ሌላ ጀምሯል።

እኔም ከእነዚህ አንዱ ነበርሁ። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ያመለጠኝን የባዮሎጂ ማስታወሻ ከጓደኛዬ ደብተር ገለበጥሁ፤ አምስት ጊዜ አነበብሁት፤ ዋና ዋናውንም በቀይ እስክሪብቶ አሠመርሁበት። በፈተናው ቀን ግን መልሱ ያለበት ገጽ በስተ ቀኝ ይሁን በስተ ግራ ትዝ እያለኝ መልሱ ራሱ ጠፋብኝ። ከመቶ 31 አገኘሁ። ያን ዕለት «እኔ ለትምህርት አልተፈጠርሁም» ብዬ ደብተሬን ለባለ ሱቅ፣ ለቅመም መጠቅለያ፣ ልሸጠው ተነሣሁ። ያስጣለኝ በአብነት ትምህርት ቤት የቆየው ታላቅ ወንድሜ ነው። ደብተሩን ከእጄ ተቀብሎ ዘጋና «በል አሁን ንገረኝ» አለኝ። ሦስት ዐረፍተ ነገር ያህል ተናግሬ ቆምሁ። «አየህ፣ ደብተሩን ለመድኸው እንጂ ቀለሙን አልያዝኸውም» አለኝ።

የዛሬው ትምህርታችን መነሻ ይህ ነው። ማንበብና ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ችግሩ የጥቂቶች ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። ለዚህ ተጠያቂው ተማሪው ብቻ ነው ማለት ግን ከእውነት የራቀ ነው። የመጽሐፍና የመምህር እጥረት አለ፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶም በክልላችን በተነሣው ግጭት የብዙ ተማሪዎች ትምህርት ተቋርጧል። ይህን ሁሉ ተማሪ ብቻውን አያቃናውም። በእጁ ያለው አንድ ነገር የሚያጠናበት መንገድ ነው።

በጎንደርና በዙሪያዋ ለዘመናት የኖረው የአብነት ትምህርት ይህን መንገድ አስቀድሞ ያውቀዋል። የንባብ ቤት ተማሪ ቀን ከመጽሐፍ ያነብባል፤ ሲመሽ ደግሞ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ የቃል ትምህርቱን ያጠናል። መምህሩም «አንብበሃል ወይ?» ብሎ አይተወውም፤ «በል» ይለዋል እንጂ። ከፍ ያለው ተማሪ ለታናሹ ያስቀጽላል፤ ሲያስቀጽልም የራሱን ያጸናል።

የዘመኑ ሊቃውንትም በምርምር የደረሱበት ከዚህ የራቀ አይደለም። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኬ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንዱን የተማሪዎች ቡድን አንድ ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ እንዲያነብ አደረጉ። ሌላው ቡድን ግን በአንዱ ክፍለ ጊዜ አንብቦ በሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ደጋጋሚዎቹ ያስታወሱት 40 ከመቶ ያህል ሲሆን ራሳቸውን የፈተኑት 61 ከመቶ ያህል አስታወሱ። እኛን የሚያታልለን ይኸው ነው፤ ማታ ስናነብ ያወቅን ይመስለናል፤ ሳምንት ሲያልፍ ባዶ እንሆናለን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሀ. ዘግቶ መናገር። አንድ ንኡስ ርእስ ካነበብን በኋላ ደብተሩን ዘግተን የያዝነውን በባዶ ወረቀት እንጻፍ። ወረቀት ከሌለ ለጓደኛ ወይም ለታናሽ እንንገር። ከዚያ ከፍተን የዘለልነውን ብቻ ደግመን እናንብብ። ሒሳብ ከሆነ የተሠራውን ምሳሌ በእጃችን ሸፍነን ራሳችን እንሥራው፤ የተሠራ ሒሳብ ማንበብ ሒሳብ መሥራት አይደለም።

ለ. ቀን ማራራቅ። ጀርመናዊው ሔርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው፣ የተጠና ነገር በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ስለዚህ የሰኞውን ትምህርት ማክሰኞ፣ ቀጥሎ ዓርብ፣ ከዚያም በሳምንቱና በወሩ ራሳችንን እንጠይቅ። በአንድ ሌሊት ከሚደረግ ስድስት ሰዓት ጥናት በስድስት ቀን የተከፋፈለ ስድስት ሰዓት ይበልጣል።

ሐ. የጎደለውን ለይቶ ማወቅ። ከአጨዳ የተመለሰ ተማሪ ያመለጡትን ርእሶች በአንድ ገጽ ይዘርዝር፤ በየሳምንቱም ሁለት ሁለቱን ይሙላ። ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶችን ሰዓት ይዞ ይሥራ፤ የሳተውንም «ለምን ሳትሁ?» ብሎ ይመርምር።

መ. እንቅልፍን አለመስረቅ። ያጠናነው በአእምሮ የሚረጋው ስንተኛ ነው። ጫት ቅሞ የሚያድር ተማሪ ሌሊቱን ያተረፈ ይመስለዋል እንጂ የቀኑን ያጣል። የሳንጃ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ እንደማያስጠና የታወቀ ስለ ሆነ በጊዜ ተኝቶ ጎሕ ሲቀድ መነሣት ይሻላል።

ስለ ኩረጃም አንድ ቃል ልጨምር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጉዘው እንዲፈተኑ ከተደረገበት ምክንያት አንዱ የኩረጃና የፈተና ስርቆት መብዛት ነበር። በሌላው ትከሻ ላይ ዐይኑን ያሳደረ ተማሪ ትከሻው በሌለበት ቀን ምን ይሆናል?

ወንድሜ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ማታ ማታ ደብተሬን እየዘጋ «ንገረኝ» ይለኝ ነበር። በሚቀጥለው ፈተና 58 አገኘሁ። የክፍሉ አንደኛ አልሆንሁም፤ ነገር ግን አእምሮ የለኝም ያልሁት ሐሰት መሆኑን ዐወቅሁ። ከእኔ ጋር ያቋረጡት ሁለት ጓደኞቼ ግን አልተመለሱም። እነርሱን ከእኔ የለያቸው ስንፍና አልነበረም፤ ደብተራቸውን ዘግቶ «ንገረኝ» የሚላቸው ሰው ማጣት ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ዘንድሮ ከአጨዳ ለሚመለስ ለእያንዳንዱ ተማሪ ከመካከላችን አንድ ጠያቂ ይመደብለት፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ይበቃል። ጠያቂው የሚያስፈልገው ጉብዝና ሳይሆን የተዘጋ ደብተርና ትዕግሥት ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
1. ባለፈው ሳምንት ከተማርኸው ውስጥ ደብተር ሳትገልጥ የትኛውን ማስረዳት ትችላለህ?
2. በክፍልሽ ከአጨዳ ዘግይቶ የተመለሰ ማን ነው? ማንስ ጠየቀው?