ለቨርቹዋል ማሽን የሚበቃውን ሜሞሪ ለክቶ መስጠት

የቨርቹዋል ማሽን ሜሞሪ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በግምት ነው። ሶፍትዌሩን ያቀረበው ድርጅት 16 ጊጋባይት ይበቃል ይላል፤ ጠያቂው ክፍል «ኋላ እንዳያንስ» ብሎ 32 ያስሰጣል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እንዲህ ያለው ትርፍ በብዙ ማሽን ሲባዛ ሰርቨሩ ሞላ ተብሎ አዲስ ይገዛል። ከግዢው መለካት ይቅደም። እዚህ የምገልጸው በቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ ላይ ያለውን አሠራር ነው።

መጀመሪያ ቪስፌር የሚያሳያቸውን ሁለት ቁጥሮች ይለዩ። «ኮንሲዩምድ» ሆስቱ እስካሁን ለማሽኑ ያስረከበው ሜሞሪ ነው። በውስጡ ያለው ፕሮግራም ተጠቅሞ ቢለቅም ሆስቱ መለቀቁን ስለማያውቅ ቁጥሩ አንዴ ከወጣ በቀላሉ አይወርድም። «አክቲቭ» ደግሞ በቅርቡ የተነካው ሜሞሪ ግምት ነው፤ ሆስቱ ጥቂት ገጾችን በዕጣ መርጦ ስንቶቹ እንደተነኩ በማየት ያሰላዋል። ካርል ዋልድስፐርገር እ.ኤ.አ. በ2002 ዘዴውን ባብራሩበት ጽሑፍ ናሙናው በየ30 ሴኮንዱ 100 ገጽ ነበር። የመጀመሪያው ቁጥር ያጋንናል፣ ሁለተኛው ያሳንሳል። በ«አክቲቭ» ብቻ ተመርተው የዳታቤዝ ማሽን እንዳያሳንሱ አደራ እላለሁ፤ ዳታቤዝ በሜሞሪ ያኖረው መረጃ ለጊዜው ባይነካም፣ በተፈለገ ጊዜ ዲስክ ከማንበብ ያድናል።

አስተማማኙ መረጃ ማሽኑ ውስጥ ነው። በሊኑክስ «ፍሪ» የተባለውን ትእዛዝ ሰጥተው «አቬይለብል» የሚለውን ዓምድ ያንብቡ። «ፍሪ» የሚለው ዓምድ ዝቅ ቢል አይደንግጡ፤ ሊኑክስ ሥራ የፈታ ሜሞሪን ለፋይል መሸጎጫ አውሎ ሲያስፈልግ ይመልሰዋል። በዊንዶውስ ፐርፎርማንስ ሞኒተር ላይ «አቬይለብል ኤምባይትስ»ን ይከታተሉ። ቢያንስ አንድ ሙሉ ወር ይመዝግቡ፤ የደመወዝ ቀንና የሌሊቱ ባክአፕ ይግቡበት። በጀቱን ሰኔ 30 የሚዘጋ መሥሪያ ቤት ከሆነማ የዓመቱ መዝጊያ ሳይታይ የሒሳብ ማሽኑን መንካት አይገባም። አማካዩን ይተዉትና ትርፉ እጅግ ያነሰበትን ሰዓት ይያዙ።

ስሌቱ ቀላል ነው። 32 ጊጋባይት የተሰጠው ማሽን በጭንቁ ሰዓት 18 ከተረፈው ከፍተኛ ፍጆታው 14 ነው፤ እኔ ሩቡን ጨምሬ 18 እሰጠዋለሁ። የምወርደው ግን ደረጃ በደረጃ ነው፤ መጀመሪያ ወደ 24፣ ሥራው ከታየ በኋላ ወደ 18። «አቬይለብል» መሸጎጫውንም ስለሚቆጥር፣ መሸጎጫው ሲጠብ ጫናው ወደ ዲስክ ሊዞር ይችላል። ከእያንዳንዱ ቅነሳ በኋላ የዲስክ ንባቡንና በ«ቪኤምስታት» የሚታየውን የስዋፕ እንቅስቃሴ ይመልከቱ፤ ስዋፑ ሳያቋርጥ ከሠራ የቀነሱትን ይመልሱ።

ጃቫና ኤስኪውኤል ሰርቨር ሌላ አካሄድ ይፈልጋሉ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ጣሪያ ካልተበጀለት ያገኘውን ሜሞሪ ይዞ ይሄዳል፤ 64 ጊጋባይቱን ስለሞላ 64 ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ጃቫም ሂፑን እስከተፈቀደለት ድረስ ያሰፋል። ስለዚህ አስቀድመው የፕሮግራሙን ጣሪያ ዝቅ ያድርጉ፤ ሥራው አለመጎዳቱን ሲያረጋግጡ ብቻ ወደ ማሽኑ ይሂዱ። ለጃቫ ጥሩው መለኪያ ሙሉ ጋርቤጅ ኮሌክሽን ካለቀ በኋላ ሂፑ ውስጥ የሚቀረው መጠን ነው። ማሽኑን ቀድመው ካሳነሱ ከሂፑ ከፊሉ ወደ ስዋፕ ይወጣል፤ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ ሂፑን ሲያስስ ዲስክ ይጠብቃል፣ ተጠቃሚው ፊትም ፕሮግራሙ ደርቆ ይቆማል።

ሜሞሪ ለመቀነስ ማሽኑ መጥፋት አለበት፤ ለመጨመር ግን «ሆት አድ» አስቀድሞ ከበራ ማጥፋት ላያስፈልግ ይችላል። በዚያው በጠፋበት አጋጣሚ ያብሩት፣ ቅነሳው ቢበዛ ለመመለስ ይረዳዎታል። በሆስቱ ላይ «ባሉን» ወይም «ስዋፕድ» የሚለው ቁጥር ከፍ ብሎ ከቀጠለ ችግሩ የሆስቱ እጥረት ስለሆነ፣ ለዚያ ማሽን ከመጨመር ትርፍ የያዙትን ሌሎች ማሽኖች ይቀንሱ። ኢኤስኤክስአይ ማሽኑ ሲነሳ ከሪዘርቬሽን በላይ ላለው ሜሞሪ ልክ በዳታስቶር ላይ የስዋፕ ፋይል ይፈጥራል፤ ሪዘርቬሽን የሌለው ማሽን ከ32 ወደ 18 ሲወርድ 14 ጊጋባይት የዲስክ ቦታም አብሮ ይለቀቃል።