«ጉንፋን ነው» እየተባለ የሚታለፈው በሽታ

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ብዙዎቻችን ንቀን የምናልፈውን ኢንፍሉዌንዛ የተባለ በሽታ ነው። ንቀታችን ጎልቶ የሚታየው በሐጅ ሰሞን ነው። የማጅራት ገትር ክትባት ያልወሰደ ሰው ቪዛ ስለማያገኝ በእርሱ ላይ ክርክር የለም። የኢንፍሉዌንዛውን ክትባት ግን፣ የሳዑዲ ዓረቢያ የጤና ባለሥልጣናት ለሐጃጆች፣ ይበልጡንም ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና የስኳር፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የሚመክሩት ሆኖ ሳለ፣ «ለጉንፋን ደግሞ መርፌ!» ብለን እናልፈዋለን። ይህን አነጋገር ከተማሩ ሰዎች አፍ ሳይቀር ሰምቼዋለሁ።

ኢንፍሉዌንዛና ጉንፋን ግን አንድ አይደሉም። ጉንፋን በልዩ ልዩ ቫይረሶች የሚመጣ፣ አፍንጫ አፍስሶና ጉሮሮ ከርክሮ በጥቂት ቀናት የሚለቅ ሕመም ነው። ኢንፍሉዌንዛ ግን ጠዋት ደህና የነበረውን ሰው ማታ በትኩሳት፣ በራስ ምታት፣ በቁርጥማትና በደረቅ ሳል አልጋ ላይ ይጥላል። እርግጥ አብዛኛው ሰው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይድናል። የሳንባ ምች ከተከተለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በየዓመቱ ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ ሰው በዚሁ በሽታ ምክንያት በመተንፈሻ አካላት ሕመም ይሞታል። ይህ ወረርሽኝ ባልተነሣበት በደህናው ዓመት ነው።

ወረርሽኝ ሲነሣ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በ1911 ዓ.ም ኅዳር ወር አዲስ አበባን ያረገፈው፣ አያቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት መቅሰፍት ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ያን ጊዜ በከተማይቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ከእነርሱም ውስጥ በበሽታው የሞቱ አሉ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ለጥቂት ተረፉ። አስታማሚው ከታማሚው ጋር ይወድቅ ስለነበር ውኃ የሚያቀብል፣ ሬሳ የሚያነሣ ሰው የጠፋበት ቤት ብዙ ነበር። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሰው ወደ 10 ሺህ ይገመታል። በዓለም ዙሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1918 እና በ1919 በሽታው ከሰው ልጅ ሲሶውን ያህል ለክፎ ቢያንስ 50 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ይገመታል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ብዙዎቹ ሟቾች ሽማግሌዎችና ሕፃናት ሳይሆኑ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉ ጎልማሶች መሆናቸው ነው። (ዓለም «የስፔን በሽታ» ያለው ከስፔን ስለመጣ አይደለም። ተዋጊዎቹ አገሮች ወሬውን በሳንሱር ሲያፍኑ፣ በጦርነቱ ያልገባችው ስፔን ግን በጋዜጦቿ በግልጽ ስለጻፈች ስሙ በእርሷ ላይ ቀረ።)

የከተማችን ሕዝብ በዚያ ጭንቅ ያደረገው ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠልና አየሩን ማጠን ነበር። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው የኅዳር 12 ልማድም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ሰፈርን ማጽዳት መልካም ነው። ነገር ግን በሽታው ከቆሻሻ ሽታ አልመጣም። የሚተላለፈው በታመመው ሰው ሳል፣ ማስነጠስና ትንፋሽ፣ እንዲሁም በተበከለ እጅ ነው። በሰዎቹ ላይ መፍረድ ግን አይገባም፤ በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ሐኪሞችም መንስኤውን በትክክል አያውቁም ነበር። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ለንደን ውስጥ ነው። ክትባቱም በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በቅድሚያ ለወታደሮች፣ ከዚያም ለሕዝቡ ተሰጠ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ክትባቱ ከተገኘ ለምን በየዓመቱ ይደጋገማል? የኩፍኙ እኮ እንዲህ አይደለም» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው በቫይረሱ ጠባይ ነው። የሰውነታችን መከላከያ እንደ ዘበኛ ነው እንበል። ሌባውን የሚያውቀው በለበሰው ልብስ ነው። ይህም ልብስ በቫይረሱ ገላ ላይ የሚገኙ ሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች ናቸው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በተራባ ቁጥር ልብሱን በጥቂት በጥቂቱ ስለሚቀይር የአምናው ዘበኛ ዘንድሮ አይቶት ይጠራጠራል። አልፎ አልፎ ደግሞ የሰው ቫይረስ ከወፍ ወይም ከአሳማ ቫይረስ ጋር በአንድ ገላ ውስጥ ተገናኝቶ ልብሱን ጨርሶ ይለውጣል። ያን ጊዜ የትኛውም ዘበኛ ስለማያውቀው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1957፣ በ1968 እና በ2009 የሆነው ይኸው ነው። በመሆኑም የዓለም የጤና ድርጅት በየአገሩ ካሉ ላቦራቶሪዎች የሚመጣለትን ናሙና እያስመረመረ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲትና በመስከረም አካባቢ፣ የሚቀጥለው ክትባት ከየትኞቹ ዝርያዎች እንደሚሠራ ይወስናል።

ንቁ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል የ1957ቱ ታሪክ ያሳያል። ሞሪስ ሂልማን የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት ሆንግ ኮንግ ውስጥ ብዙ ሺህ ሕዝብ በየክሊኒኩ መሰለፉን ከጋዜጣ አነበበ። ወዲያው ናሙና አስመጥቶ ቫይረሱ አዲስ መሆኑን ለየና አምራቾችን ቀሰቀሰ። በዓመቱ ማብቂያ 40 ሚሊዮን ያህል ክትባት ተዘጋጅቶ ነበር።

የክትባቱን ጉድለት መደበቅም ተገቢ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ወረርሽኝ ይነሣል ብላ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከተበች። ወረርሽኙ ሳይመጣ ቀረ። ከተከተቡት መካከል ከመቶ ሺህ አንድ ያህሉ ላይ ተጨማሪ የነርቭ ሕመም በመታየቱም ዘመቻው ተቋረጠ። ዛሬም ቢሆን ክትባቱ ከቫይረሱ ጋር በደንብ በገጠመበት ዓመት ታሞ ሐኪም ቤት የመሄድን አደጋ የሚቀንሰው ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው። ግማሽ ጋሻ ነው ሊባል ይችላል። ሰባ ዓመት ለሞላው የልብ ሕመምተኛ ግን ግማሽ ጋሻ ቀላል ነገር አይደለም። ተከትቦ የታመመውም ቢሆን ለከባድ ሕመም የመጋለጥ ዕድሉ ያነሰ ነው። በመርፌ የሚሰጠው የተለመደው ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሌለበት «መርፌው ራሱ በሽታውን ሰጠኝ» የሚለው ወሬም መሠረት የለውም።

ሙስሊሙን የሚያሳስቡ ሁለት ጥያቄዎች ይቀራሉ። አንደኛው የሐላል ጉዳይ ነው። ብዙው ክትባት የሚመረተው በዶሮ እንቁላል ላይ ነው። የአሳማ ጄላቲን የሚገኘው በአፍንጫ በሚረጨው ዓይነት ላይ ሲሆን በመርፌ የሚሰጡት አብዛኞቹ የለባቸውም። ስለ ጄላቲኑም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1995 ኩዌት ላይ የተሰበሰቡ ዑለማእና ሐኪሞች፣ ባሕርይው ጨርሶ የተለወጠ ነገር ንጹሕ እንደሚሆን ተወያይተው ፈቅደዋል። ልቡ ያልረጋለት ሰው መርፌውን መርጦ ይገላገላል።

ሁለተኛው «አላህ የጻፈው አይቀርም፤ ክትባት ምን ይፈይዳል?» የሚለው ነው። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሰዎቻቸውን ይዘው ለመመለስ በወሰኑ ጊዜ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ይህንኑ ጥያቄ አንሥተውባቸው ነበር። ዑመርም ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሄዳቸው እንደሆነ መለሱላቸው። ከዚያም ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም ሸሽቶ እንዳይወጣ ማዘዛቸውን ነገሯቸው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እንሻለን?

እ.ኤ.አ. በ2009 ወረርሽኝ ጊዜ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕሙማን ሐጃቸውን ለሌላ ዓመት እንዲያቆዩ እስከ መመከር ተደርሶ ነበር። በሚና ድንኳኖች ውስጥ ትከሻ ለትከሻ የሚያድረው ሕዝብ ዛሬም ያው ነው። በዚያ ላይ ሐጂው ሲመለስ የሚሆነውን እናስታውስ፤ ገና ድካሙ ሳይወጣለት ቤቱ ዱዓ ሊያስደርግ፣ ሊያቅፍና ሊስም በመጣ ዘመድ አዝማድ ይሞላል። ከጎኑ የምትቀመጠው አሮጊት እናቱ ሚናን አላየችም፤ የሚናው ሳል ግን ይደርሳታል።

ክትባቱ ሰውነትን ለማዘጋጀት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ለጉዞው የተመዘገበ ሰው የፓስፖርቱን ጉዳይ ሲጀምር ሐኪሙን ስለዚህ ክትባት ይጠይቅ፤ ሻንጣው ከተቆለፈ በኋላ የሚወሰደው አይደርስለትም። አምና የወሰደም ዘንድሮ መድገም አለበት።