ለእንጦጦ ዳገትና ለናይሮቢ መንገድ የትኛው ጂፒኤስ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ስወጣ የስልኬ ኢንተርኔት ይቆራረጣል። በቅርቡም በመኪና ናይሮቢ እሄዳለሁ። ለብቻው የሚሸጥ ጂፒኤስ ልግዛ?

መልስ፦ አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ስልክዎን ያዘጋጁ። ያሉበትን ቦታ የሚነግርዎ ሳተላይት እንጂ ኢንተርኔት አይደለም፤ ስልክዎ ቢያንስ የ4 ሳተላይቶች ምልክት ከደረሰው ይበቃዋል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው በዋናነት ካርታውን ለማምጣት ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያንና የኬንያን ካርታ ከቤትዎ ሳይወጡ ኦርጋኒክ ማፕስ በተባለው መተግበሪያ ያውርዱ። በእኔ ግምት ለእርስዎ ጉዞ ይህ በቂ ነው።

እንደ ጋርሚን ያለ መሣሪያ ከወደዱ ግን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ እንጦጦን በስክሪኑ ላይ ፈልጎ ያሳይዎ። የአውሮፓ ካርታ ብቻ የተጫነበት እዚህ አይረባም።

ድንበሩን በሞያሌ ሲሻገሩ ደግሞ ያስታውሱ፤ በኬንያ የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ነው። መድረሻዎን መኪናው ሳይንቀሳቀስ ይጻፉ፤ እየነዱ ስልክ አይነካኩ።