ቆዳችሁ ገና ሥራ ላይ ነው

ቁንጭር ፊታችሁ ላይ ወጥቶ ድኗል። ወይም ብጉር ጉንጫችሁን አጎድጉዶት ሄዷል። ወይም በልጅነታችሁ የያዛችሁ ጉድፍ ግንባራችሁ ላይ ምልክት ትቷል። በሽታው አልፎ ምልክቱ ስለቀረ፣ ፎቶ ሲነሣ ከኋላ መቆምን፣ ሰው ሲያነጋግራችሁ ፊታችሁን ገለል ማድረግን ለምዳችኋል። እኔ ግን የምሥራች ይዤላችሁ መጥቻለሁ፦ ቁስሉ የተዘጋ ቀን የጠባሳው መልክ አልተወሰነም። ቆዳ ከዚያ በኋላ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ራሱን ማስተካከሉን ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ ልትረዱት ትችላላችሁ። ዓመታት ላለፉት ጠባሳም ቢሆን ዛሬ ሕክምና አለ።

ቆዳ ሲቆስል ሰውነት የሚጣደፈው ክፍተቱን ለመዝጋት ነው። ኮላጅን የተባለውን ክር መሰል ፕሮቲን እየሠራ ይደፍነዋል። በጤነኛ ቆዳ እነዚህ ክሮች እንደ መሶብ ስፌት ተጠላልፈው ይገኛሉ፤ በጠባሳ ውስጥ ግን በአንድ አቅጣጫ ተደርድረው ይተኛሉ። ቀጣዮቹ ወራት የማስተካከያ ጊዜ ናቸው። የተረፈው ይፈርሳል፣ ያበጠው ይረግባል፣ የጠቆረው ይደበዝዛል። በሦስተኛው ወር መስታወት ውስጥ ያያችሁት ፊት በዓመቱ የምታዩት ፊት አይደለም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ግን ልክ በዚህ መሃል ላይ ነው፤ ያሳዝነኛል።

ስለ ቁንጭር ትንሽ ልቆይ፤ በደጋው አገራችን የስንቱን ፊት እንደነካ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በዓመት ከ20,000 እስከ 50,000 ሰው ይይዛል ተብሎ ይገመታል። ቁንጭርን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ በገደልና በዋሻ በሚኖረው ሽኮኮ ውስጥ ይቆያል፤ ወደ ሰው የሚያሻግረው ደግሞ በሌሊት የሚነክስ ደቃቅ የአሸዋ ዝንብ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ተሕዋሱን በአገራችን ስም ሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ ብለውታል። ከወሎው ኩታበር እስከ ጋሞው ኦቾሎ ሰዉ በሽታውን በየቋንቋው ስም አውጥቶለት ያውቀዋል።

ቁንጭር ብዙ ጊዜ አያምም። ስለማያምም ይታለፋል፤ «ራሱ ይድናል» ይባላል። እውነት ነው፣ ብዙው ራሱ ይድናል፤ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ሥጋ እየበላ ነው። በጋለ ብረት ሲተኮስ ደግሞ በበሽታው ጠባሳ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ይጨመርበታል። ስለዚህ ጠባሳን ለመቀነስ የመጀመሪያው እርምጃ ቅባት አይደለም፤ ቁስሉን ቶሎ ማሳከም ነው። የጤና ባለሙያው ከቁስሉ ናሙና ወስዶ ያረጋግጣል፤ ከዚያ እንደ ቁስሉ ዓይነት በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ፣ እዚያው ቁስሉ ላይ መድኃኒት መውጋት ወይም ለመላ ሰውነት የሚሰጥ ሕክምና አለ። አዲስ አበባ ያለው አለርት፣ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ እና የጎንደሩ ሆስፒታል በዚህ ሕክምና የቆየ ልምድ አላቸው። ጠበል የምትጠመቁ ጠበላችሁን ቀጥሉ፤ ሐኪሙንም አትተዉ። ደግሞ ይህን ለጎረቤት ንገሩልኝ፦ ቁንጭር በመነካካት፣ አብሮ በመብላት ወይም በመሳሳም አይተላለፍም። ከታመመ ሰው ፊት መሸሽ ምክንያት የለውም።

ቁስሉ ድኖ ከሆነ መስታወት ፊት ቁሙና የቀረውን ለዩት። ቆዳው ልሙጥ ሆኖ ቀለሙ ብቻ ከጠቆረ፣ ያ ጠባሳ ሳይሆን ቁስሉ የተወው ጥቁረት ነው፤ በእኛ ዓይነት ቆዳ እጅግ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በወራት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። ስንቱ ሰው በዚህ ጥቁረት «ፊቴ ተበላሸ» ብሎ ያለቅሳል!

ይህን ጥቁረት የሚያቆየው ዋናው ነገር ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ደግሞ አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደጋው ስለሚነፍስ ፀሐዩ አይሰማንም እንጂ ቆዳችንን እያገኘው ነው። የሚችል ሰው ኤስፒኤፍ 30ና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ በየጠዋቱ ይቀባ፣ ውጭ ከዋለም በየሁለት ሰዓቱ ይድገም፤ የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ለጠይም ፊት ይበልጥ ይጠቅማል። የማይችል ሰው ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ ወይም ነጠላ አለው። የእናቶቻችን ጃንጥላ ዛሬም ምርጥ መከላከያ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ «በሳምንት ያጠፋል» ተብሎ በየሱቁ ከሚሸጠው ቅባት ራቁ። ብዙዎቹ የሚያቀሉ ቅባቶች እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ይገኝባቸዋል። መጀመሪያ ፊት ያበራሉ፤ ቆይተው ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ብጉር ያወጣሉ፣ ሜርኩሪው ኩላሊት ይጎዳል። ሎሚም ፊት ላይ አይቀባም፤ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ሌላ ጥቁረትም ይተዋል።

ጠባሳው ከፍ ያለ ከሆነ የሲሊኮን ጄል ወይም ልጣፍ ለወራት በትዕግሥት መጠቀም ያረግበዋል። ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድግ ከሆነ ኬሎይድ ነው፤ ሐኪም ጠባሳው ውስጥ በየጥቂት ሳምንቱ በሚወጋው መድኃኒት ይታከማል። ኬሎይድን ቆርጦ ብቻ ማውጣት ግን አደጋ አለው፤ ብዙ ጊዜ ብሶበት ይመለሳል። የጎደጎደ ጠባሳ በቅባት አይሞላም፤ በጥቃቅን መርፌዎች ቆዳውን የሚቀሰቅሰው ሕክምና፣ ወይም ጠባሳውን ከሥር ስቦ የያዘውን ክር መቁረጥ ይሻለዋል። ሌዘርም አለ፤ ሆኖም ጠይም ቆዳን ማከም የለመደ ባለሙያ እጅ ካልሆነ ራሱ ሊያጠቁር ይችላል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት «እንደ እኔ ዓይነት ቆዳ ላይ ሠርተው ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። የትኛውም ሕክምና ጠባሳን ጨርሶ አይፍቅም፤ የሚለሰልስ፣ የሚቀልል፣ ከርቀት የማይታይ ያደርገዋል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ በዚህ ደስ ይበላችሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ኑሯችሁን ለጠባሳው መጥፋት ቀጠሮ አትያዙለት። ሠርጉ ላይ ተገኙ። የሥራ ቃለ መጠይቁ ላይ ቅረቡ። ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ጠባሳችሁን ቢያይ፣ ወሬው ሲሞቅ የሚሰማው እናንተን ነው። ልጅ «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ «ታምሜ ነበር፣ ድኛለሁ» በሉት። ይህ መልስ እውነት ነው፤ አንገት የሚያስደፋም ነገር የለበትም።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ጀምሩ፦ ፊታችሁን መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሡት፣ ቀኑን ጻፉበት፣ በየወሩም በዚያው ቦታ ድገሙት። ዓይን በየቀኑ የሚያየውን ለውጥ አያስተውልም፤ ፎቶ ግን ያሳያችኋል። ፊታችሁ ላይ ሳምንታት አልፎት ያልዳነ ቁስል ካለ ግን ፎቶውን ተዉትና ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂዱ።